የንቦቹ ካሴት

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነትም፣ ስለ ታክሲ ሰልፍም፣ ስለ ፍቅርም አናወራም (ስለ ፍቅር የሚጽፈው ባልደረባችን ዕረፍት ላይ ነው)፡፡ ዛሬ የምናወራው ስለ ፕላስቲክ ነው፡፡ መዳፍ የምታክል፣ ቢጫ፣ ከታች በኩል 60 የመዳብ ጥርስ ያላት ፕላስቲክ፡፡ በሰፈራችን አማርኛ ‹‹ካሴት›› ትባላለች፡፡ ዘፈን የለባትም፡፡

እኛ ማለት ሦስት ነን፡፡ ሦስታችንም የሳሪስ አቦ ልጆች፣ ሦስታችንም ‹‹ወጣት›› የሚለውን ቃል በጥርሳችን ይዘን የቀረን፡፡ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የንጉሡን ዘመን ብር ይሰበስባል፣ ዕዳ የሚሰበስብም ሞልቷል፡፡ እኛ የምንሰበስበው አንድ ጨዋታ ነው፡፡ ጋላክሲያን ይባላል፡፡ ልብ በሉ፣ ብዙ ጨዋታ አላልንም፤ ያንኑ አንዱን ጨዋታ በተለያየ ካሴት፡፡ እስካሁን 11 አሉን፡፡ የአንዳችን እናት ሳጥኑን ከፍተው አዩና ‹‹አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት ከሆነ አሥሩን ምን ልታደርጉት ነው?›› ብለው ጠየቁ፡፡ ጥያቄው አሁንም ያልተመለሰ ነው፡፡

ጨዋታውን ለማታውቁት እንዲህ ነው፡፡ ጥቁር ሰማይ፣ የሚብለጨለጩ ከዋክብት፡፡ ከላይ 46 ነፍሳት ተሰልፈው ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ 30 ሰማያዊ ተራ ወታደር፣ 8 ሐምራዊ፣ 6 ቀይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ 2 አለቆች፡፡ ከታች ያንተ መርከብ አለች፤ ወደ ጎን እንጂ ወደፊት አትሄድም፡፡ ነፍሳቱ ዝም ብለው ጥይት አይጠብቁም፡፡ ከሰልፉ እየተገነጠሉ፣ እየተጠማዘዙ፣ ቦምባቸውን እየጣሉ ይወረወሩብሃል፡፡ አለቃው ሲወርድ ሁለት ቀዮች ያጅቡታል፡፡ አጃቢዎቹን ቀድመህ ጥለህ እሱን ከመታህ 800 ነጥብ ታገኛለህ፡፡ እኛ ልጆች ሆነን ‹‹ንቦቹ›› ነበር የምንለው፡፡

ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ጥይትህ አንድ ናት፡፡ የተኮስካት ጥይት አንዱን እስክትመታ ወይም በላይ በኩል እስክትወጣ ድረስ ሌላ መተኮስ አትችልም፡፡ ከሳትክ፣ ያቺ ጥይት ሰማዩን አቋርጣ እስክትጠፋ ባዶ እጅህን ትቆማለህ፡፡ ንቦቹ ደግሞ አይቆሙም፡፡ ስለዚህ ቁልፉን መደብደብ ዋጋ የለውም፤ ጣት የሚፈጥነው ሳይሆን የሚታገሰው ልጅ ነበር የሚያሸንፈው፡፡

ትንሽ ታሪክ እንጨምር፤ ቶሎ እንጨርሳለን፡፡ የዚህ ቤተሰብ አባት ስፔስ ኢንቬደርስ ነው፡፡ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ጃፓናዊ ለታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሠራው፡፡ በእኛ 1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ላይ ‹‹ተኩስ›› የሚለው ቃል ጨዋታ እንዳልነበረ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፡፡ ሳንቲም የሚጎርሰውን ይህን ማሽን አታሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ቤት አስገባው፡፡ የሳንቲም ቤት ጨዋታ በፈቃድ ለቤት ማሽን ሲገለበጥ የመጀመሪያው እሱ ነው፡፡ ግልባጩ ግን ሙሉ አልነበረም፡፡ በሳንቲሙ ማሽን 55 የነበሩት ወራሪዎች በቤቱ 36 ሆኑ፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለም፡፡ ገዢው ግን ቅር አላለውም፤ ለዚህ አንድ ካሴት ሲል ማሽኑን የገዛው ሰው ብዙ ነው፡፡

ናምኮ በ1979 ጋላክሲያንን አመጣ፡፡ የሠራው ካዙኖሪ ሳዋኖ ይባላል፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ልጁ ጋላጋ ተከተለ፤ ያውም ሁለት ጥይት ተሰጥቶት (ሀብታም ልጅ)፡፡ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም የሚባለውን የቤት ማሽን ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ፣ ናምኮ ለዚያ ማሽን ያቀረበው የመጀመሪያ ጨዋታ ጋላክሲያን ነበር፡፡ መስከረም 1984፣ በእኛ ጳጉሜ 1976፡፡ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ቅስት እየተተከለላት፣ ሰሜኑ በረሃብ እየረገፈ ነበር፡፡ ቶኪዮ ያለ ልጅ ቢጫውን አለቃ ሲያሳድድ የእኛ ወላጆች ሰልፍ ላይ ነበሩ፡፡

አሁን ወደ ገደለው፡፡ የፋሚኮሙ ጋላክሲያን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ብታውቁ ታዝናላችሁ፡፡ ፕሮግራሙ 8 ኪሎባይት፣ ሥዕሉ 8 ኪሎባይት፣ በድምሩ 16፡፡ አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ይበላል፤ ስለዚህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ከጨዋታው ይበልጣል፡፡ (የቱ ይሻላል የሚለውን ለእናንተ ትተናል፡፡) በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ጃፓኖቹ ብዙ ጣጣ ነበረባቸው፡፡ የሳንቲሙ ማሽን ቴሌቪዥን በጎኑ የቆመ፣ ረጅም ነው፤ የቤቱ የተጋደመ ነው፡፡ ስለዚህ ሰማዩ ተጨመቀ፡፡ ፋሚኮም ደግሞ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየት አይችልም፤ ሰማያዊዎቹ ግን በአንድ ረድፍ 10 ናቸው፡፡ መላው ምንድነው? የተሰለፉትን እንደ ግድግዳ ወረቀት ከጀርባው ጋር መሳል፣ ከሰልፍ ወጥቶ የሚወረወረውን ብቻ ተንቀሳቃሽ ማድረግ፡፡ ንቡ ሰልፉን ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳ ነው ማለት ነው፡፡ ይሄን ካወቅን በኋላ ጨዋታውን በአንድ ዓይን አይተነው አናውቅም፡፡

ከዚያ ወደ ሳሪስ አቦ እንዴት መጣ? የኒንቴንዶ አርማ ያለበት ማሽን በሰፈራችን አላየንም፡፡ ያየነው ግልባጩን ነው፡፡ የፋሚኮምን ሆድ ዕቃ በአንድ ቺፕ ጠቅልለው፣ እንደ ሬንጅ በጠቆረ ጠብታ ሸፍነው፣ በርካሽ ፕላስቲክ ያለበሱት ማሽን፡፡ ካሴቶቹም እንዲሁ፡፡ ሽፋናቸው ላይ ከጨዋታው ጋር ዝምድና የሌለው ጡንቻማ ሰውዬ ተስሎባቸው ‹‹9999 በ 1›› ይላሉ፡፡ ቁጠሩት ካላችሁ ሰባት ጨዋታ ነው እየተሽከረከረ የሚመለሰው፤ ስሙን ቀይሮ፣ ወይም ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ፡፡ ጋላክሲያን በነዚህ ካሴቶች ላይ የማይጠፋው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ስለሆነ ነው፡፡ ኮንትራ አንድ ቦታ በሚይዝበት እሱን ብዙ ጊዜ ትጠቀጥቀዋለህ፡፡ የናምኮ ስም ከመግቢያው ላይ ተፍቆ ጠፍቷል፡፡ በነገራችን ላይ ናምኮም ቢሆን ለፋሚኮም መሥራት ሲያስብ ማሽኑን ፈታትቶ በራሱ ነው ያጠናው ይባላል፤ ስለዚህ ሌብነቱን ብቻችንን አንወስድም፡፡

እኛ የተጫወትነው አንዲት እናት በረንዳ ላይ ነበር፡፡ እትዬ እንላቸው ነበር፤ አሁንም እትዬ ነው የምንላቸው፡፡ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፡፡ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፡፡ በረንዳውን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው፣ 14 ኢንች ቴሌቪዥን በዱካ ላይ አስቀምጠው ያጫውቱን ነበር፡፡ ሒሳቡ በሰዓት ሳይሆን በሕይወት ነው፤ ሦስት መርከብ በስሙኒ፡፡ ፎቅ ያለው የጌም ቤት፣ ጆተኒ፣ ከረንቡላ፣ ሁሉም ሌላ ቦታ ነበር፤ ወደዚያ ስንሄድ ግን ትልልቆቹ ተራችንን ይቀሙናል፡፡ እትዬ ጋ ተራ ይከበራል፡፡ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት፡፡ ደብተር ሳይዝ የመጣን ልጅ ‹‹የትምህርት ሰዓትህ አይደለም እንዴ?›› ብለው ይመልሱታል፤ ስሙኒው እያማራቸው፡፡

ማሽኑ ነጥብ አያስታውስም፡፡ ይሄ ለአሁን ልጆች ይከብዳል፡፡ ስታጠፋው ሁሉም ነገር ዜሮ ነው፤ መብራት ሲሄድማ ሰፈሩ በሙሉ የሚሰማው ጩኸት ነው፡፡ ስለዚህ ሪከርድ በእጅ ይጻፍ ነበር፡፡ እትዬ ግድግዳቸው ላይ አያስጽፉም፤ የተጻፈው ካሴቷ ጀርባ ላይ ነው፣ በቢክ እስክሪብቶ፡፡ የተሸነፈው ቁጥር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከሥር ይጻፋል፡፡ የመጨረሻው ቁጥር 41,270 ነበር፡፡ የእትዬ ልጅ ነው ያስመዘገበው፤ ጓደኛችን፡፡ ‹‹የቤት ልጅ ስለሆነ ሌሊት ይለማመዳል›› ብለን ከሰነው ነበር፡፡ እሱ ደግሞ እናቱ ከልጆቹ ሁሉ በኋላ ካልሆነ እንደማያስነኩት በሕፃንነቱ ማለ፡፡

አሁን ስለ አሰባሰባችን፡፡ ካሴት የሚገኘው ሦስት ቦታ ነው፡፡ አንደኛው ቆራሌው ነው፡፡ ‹‹ቆራሌው›› እያለ ሲያልፍ ያስቆምነው የሰፈራችን ሰውዬ አሁን ድምፁን እንኳ አያሰማም፤ በቀጥታ በር ያንኳኳል፡፡ ሁለተኛው ልዋጭ ነው፤ አንዲት ካሴት በሁለት የፕላስቲክ ጆግ ተለውጣ ሄዳ እኛ ከልዋጯ ሴትዮ በጆግ ዋጋ እጥፍ መልሰን ገዝተናታል፡፡ ሦስተኛው መርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው፡፡ እዚያ ጨዋታ ብለህ ከጠየቅህ አይገባቸውም፡፡ ሰሌዳው ከሆነ በኪሎ ነው፤ መዳቡ ነው የሚፈለገው፡፡ ከክምሩ ሥር ተንበርክከህ 60 ጥርስ ያለውን ትፈልጋለህ፡፡ አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቆፍረን ያገኘናት ካሴት ቤት ስናስገባት ንቦቹን አወጣች፤ ሻጩ ግን የሒሳብ ማሽን ዕቃ መስሎት ነው የሸጠልን፡፡

ዋሽንግተን ዲሲ ያለ የሰፈራችን ልጅ ስለዚህ ሥራችን ሰምቶ ስጦታ ላከልን፡፡ ኦሪጅናል ጋላጋ፣ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ያወጣው፣ ከነወረቀቱ፡፡ ስንከፍተው እጃችን ተንቀጠቀጠ፡፡ ማሽኑ ላይ ልንሰካው ስንል አልገባም፡፡ የአሜሪካው ካሴት ጥርሱ 72 ነው፤ የጃፓኑና የእኛው 60፡፡ ሰፋ ያለ ነው ወንድሜ፣ እንደ አሜሪካ፡፡ አሁን ቡና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ያየዋል፡፡ የላከልንን ልጅ ‹‹እንዴት ነው ጨዋታው?›› ብሎ ሲደውል ‹‹በጣም ቆንጆ ነው›› እንለዋለን፤ ደግሞም ቆንጆ ነው፡፡

ትልቁ ጭቅጭቃችን ግን ፍጥነቱ ላይ ነበር፡፡ አንደኛችን ላፕቶፑ ላይ የጃፓኑን ፋሚኮም የሚመስል ፕሮግራም ጭኖ ጋላክሲያንን አስነሳ፡፡ ተቀምጠን አየነው፡፡ ‹‹ይሄማ ሌላ ነው፣ ተጣድፏል!›› አልን፡፡ ንቦቹ የሚወርዱት እንደ ልጅነታችን አይደለም፤ የሚያሳድዳቸው ያለ ይመስላሉ፡፡ አንዱ ‹‹ያረጀነው እኛ ነን፣ ዓይናችን ነው የዘገየው›› አለ፡፡ ሌላው የእጅ ሰዓቱን አወጣ፡፡ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፡፡ የጃፓን ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ይሥላል፤ የእኛ ሀገሩ 50 ጊዜ፡፡ ወደ እኛ ዓይነት ሀገር የሚላከው ግልባጭ ማሽን ለ50ው የተሠራ ነው፣ ጨዋታው ደግሞ የሚራመደው በሥዕሉ ልክ ነው፡፡ ስለዚህ ጃፓን ውስጥ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ሳሪስ አቦ ላይ 72 ሰከንድ ይፈጃል፡፡ ድምፁ አይወፍርም፤ ማሽኑ ለዚያ መላ አለው፤ ዜማው ይዘገያል እንጂ፡፡

አሥራ ሁለት ሰከንድ በደቂቃ! የእኛ ልጅነት በእያንዳንዱ ደቂቃ ላይ አሥራ ሁለት ሰከንድ ምርቃት ነበረው፡፡ ከዚህ በኋላ የትኛው ነው ትክክለኛው ጋላክሲያን ብሎ መከራከር ቀረ፡፡ ጃፓኖቹ የራሳቸውን ይዘዋል፡፡ የእኛው የተሰረቀው፣ የዘገየው፣ ስሙ የተፋቀው ነው፤ የሚሰበስበው ደግሞ ከእኛ ሌላ የለም፡፡ ውጭ ሀገር የካሴት ሰብሳቢ ያልተከፈተ ይፈልጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል፡፡ ማንም ያልተጫወተበት ጨዋታ! እኛ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁሉ ጥርሳቸው የተፋጨ፣ በትንፋሽ የዛገ ነው (ሁላችሁም ትነፉበት ነበር፣ አትካዱ)፡፡

እናላችሁ፣ 12ኛዋ ካሴት ያቺ ናት፡፡ የእትዬ፡፡ ቢጫዋ፡፡ የት እንዳለች ሁልጊዜ እናውቅ ነበር፡፡

ልጃቸው በ2004 ዓ.ም. በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፡፡ ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለ፡፡ ከሊቢያ አንድ ጊዜ፣ አጅዳቢያ ከምትባል ከተማ፣ አጭር ጥሪ፡፡ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም፡፡ እትዬ ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ተስካር አልወጣም፡፡ ሰፈሩም እንዴት መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም፡፡ የሞተ ሰው ቤት ‹‹እግዜር ያጥናችሁ›› ይባላል፤ የጠፋ ሰው ቤት ምን ይባላል? ሰዉ ሲገባ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቶ ይወጣል፡፡

ባለፈው ዓመት ሄድን፡፡ ሸንኮራ ይዘን፣ ሸንኮራውን እንኳ ለምን እንደመረጥን ሳናውቅ፡፡ ቡና ተፈላ፡፡ ስለ ካሴቱ ያነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የምንሰበስበውን ሰምተዋል፡፡ ቡፌውን ከፍተው፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለችውን አወጡ፡፡ ጀርባዋ ላይ የተሰረዙት ቁጥሮች፣ ከሁሉ ሥር 41,270፡፡ የአንዳችን የተሰረዘ ሪከርድ እዚያው አለ፣ የ5 አጻጻፉ እንኳ እንደ ዛሬው ነው፡፡

ከእኛ አንዱ የመጣንበትን ዋጋ በኪሱ ይዞ ነበር፡፡ ሳይናገር እትዬ ቀደሙት፡፡

‹‹እንግዲህ ልጆቼ ዕቃው የሱ ነው፡፡ ሲመጣ ጠይቁት፡፡››

ይሄን ምን ትመልሱበታላችሁ? ቢሸጡልን መልስ ሰጡ ማለት ነው፤ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልሰጡትን መልስ፣ ለሦስት ጎረምሳ መጫወቻ ሲባል፡፡ ስለ ገንዘብ አልተነሳም፡፡ በምትኩ ሌላ ነገር ጠየቅን፤ ውስጧ ያለውን ለመገልበጥ ይፈቅዱ እንደሆነ፡፡ ቺፑ ቢቃጠል፣ ቤቱ ቢያፈስ፣ ጨዋታው እንዳይጠፋ፡፡ ካሴቷ ከቤት አትወጣም፤ ማንበቢያውን እኛ ይዘን እንመጣለን አልን፡፡

‹‹ምን ማለት ነው መገልበጥ?››

‹‹ፎቶ ኮፒ እንደማለት ነው እትዬ፡፡ እሷ እንዳለች ትቀራለች፡፡››

አሰቡ፡፡ ‹‹የጻፈውም ይገለበጣል?››

አይገለበጥም፡፡ ቺፑ ውስጥ ማን እንደተጫወተ፣ ስንት እንዳመጣ የሚያስታውስ ነገር የለም፤ 41,270 ያለው እስክሪብቶው ላይ ብቻ ነው፡፡ እንደዚያው ነገርናቸው፡፡ ‹‹እንግዲያው ጽሕፈቱን ለብቻው ፎቶ አንሱት›› አሉ፤ አነሳነው፡፡ ሦስታችንም ስልክ ላይ አለ፤ አንድ ወረቀት ላይ አሳጥበንም ሰጥተናቸዋል፡፡ ቡፌው መስታወት ላይ ከሱ የ12ኛ ክፍል ፎቶ አጠገብ ሰክተውታል፡፡

በሳምንቱ ወፍራሙን የድሮ ቴሌቪዥን በባጃጅ ጭነን ተመለስን፤ የቤታቸው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከማሽናችን ጋር አልግባባ ብሎ ነበር፡፡ መገልበጡ አንድ ደቂቃ አልሞላም፡፡ ከዚያ ላፕቶፑን ልንከድን ስንል ‹‹አሁንማ ተጫወቱ እንጂ›› አሉ፡፡ ስንጫወት እሳቸው እንደ ድሮው በር ሥር ተቀመጡ፡፡ አንዳችን 18 ሺህ፣ አንዳችን 22 ሺህ ከምናምን፡፡ ሦስተኛው ስንቱን እንዳመጣ አንናገርም፣ ቤተሰብ ያነበዋል፡፡ እትዬ እያንዳንዱን ቁጥር ይጠይቁ ነበር፤ ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ በግልጽ፡፡

‹‹አልቻላችሁትም!››

‹‹እኛ ብንበልጠውስ እትዬ?››

‹‹ከሥር ጻፉት፡፡ የሱን ግን ሰርዙት እንጂ እንዳትፍቁት፡፡ ሲመጣ ይናደድና ያስተካክለዋል፡፡››

ዝርዝራችን ላይ ቁጥር 12 ገብታለች፡፡ የተገኘችበት፡- ሳሪስ አቦ፡፡ ዓይነት፡- ግልባጭ፣ ቢጫ፣ 60 ጥርስ፡፡ ባለቤት በሚለው ላይ የልጁን ስም ጽፈናል፣ ቦታ በሚለው ላይ የእናቱን ቤት፡፡ በየወሩ በ5፣ ለአቦ፣ ቴሌቪዥኑን በባጃጅ ይዘን እንሄዳለን፡፡ ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዱ 34,910 ደረሰ፤ እትዬ ቡና እየቀዱ ሳለ ሲኒው እጃቸው ላይ ቀረ፡፡ ከዚያ አለቃው ከሁለት አጃቢ ጋር ወረደ፣ እሱም ስቶ ተኮሰ፣ ጥይቷም በላይ በኩል እስክትወጣ ድረስ ሁላችንም ጠበቅን፡፡